የፍየሏ የኋላ እግር

…እና ጀመዓ፣ ስሙኝማ፣ አላስረዝምባችሁም፣ ወላሂ አጭር ናት፣ ከፍየል ጭራ ታጥራለች፣ ብሎ ይጀምርና ሙሀመድኑር እዚያው ሆዱ ውስጥ ያቆመዋል፣ ፍየልን ከመነሻው ማንሳት ደግ አይደለም፣ ፍየሏ መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው፣ እንደገና፣ ጀመዓ፣ አማቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እኔ የሙሽሪት አጎት ነኝ፣ ይህን ያውቁታል፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ታፔላ ጻፊው ኑሬ፣ ቀልደኛው ኑሬ፣ አፉን ሳይከፍት የሚሳቅለት ኑሬ፣ ጣጣውም ይኸው ነው።

ሊስቁ ነው።

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከመውን ዛሬ ሊያወርድ ነው፣ እነሱ ሊስቁ ነው።

ድንኳኑ ይሞቃል፣ የከሚሴ ቀትር ሸራ አያግደውም፣ አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ሸራው እብጥ ብሎ መልሶ ጉድጓድ ይሆናል፣ እንደሰው ይተነፍሳል፣ የሱም ደረት እንደዚያው ነው፣ ምግቡ ተበልቷል፣ ሰዉ እጁን እየታጠበ ነው፣ እጅ ታጥቦ ሲያበቃ የሙሽሪት ወገን ሁለት ቃል ይናገር ይባላል፣ ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ልጅቷ ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ባሏ አገር፣ አባቷ ቢኖር ሁለቱ ቃል የአባቷ ነበር፣ አባቷ ባቲ ተቀብሯል፣ አላህ ይርሀመው፣ ስለዚህ የአጎትየው ሆነ፣ ሁለት ቃል፣ አጎትየው ሁለት ቃል ነው የቸገረው፣ እኔ ነኝ፣ ሁለት ቃል፣ ይኸው ተቆጠረ፣ ይችን ለማለት አርባ ሁለት ዓመት።

ውሃውን የምታስታጥበው እሷ ናት፣ ረቢአ፣ እህቱ፣ የሙሽሪት እናት፣ ተይ ተቀመጪ፣ የሙሽራ እናት ማስታጠቢያ ትይዛለች እንዴ፣ ልጆቹ ምን ሊሆኑ ነው፣ ቢሏት ቢሏት አልሰማ አለች፣ እሷ ሥራ ካልያዘች እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም፣ በግራ ሳህኑን በቀኝ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከወዲያኛው ጥግ ጀምራ እየመጣች ነው፣ አንድ ሰው፣ ሌላ ሰው፣ ጎንበስ፣ ቀና፣ ከሱ በፊት አሥራ አምስት ሰው ቢኖር ነው።

እጇን ያያል። ባዶ ነው።

የሙሽሪትን እጅ አይተሃል፣ የዘይናን፣ ከጣቷ እስከ ክንዷ ሂና ነው፣ አበባው አበባ ወልዶ፣ ቅጠሉ ቅጠል አስከትሎ፣ ከኮምቦልቻ የመጣች ልጅ ናት በቀጭን ቱቦ እየጨመቀች የሠራችላት፣ ሙሀመድኑር ትናንት ዳር ቆሞ ሲያይ መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ ማሻአላህ፣ ይቺ ልጅ ታፔላ ብትጽፍ እኔን ጎዳና ታወጣኝ ነበር ብሎ አስቋቸዋል፣ ከዚያ ዘይና እናቷን ያዘች፣ እማ አንቺም ተቀቢ፣ ትንሽ፣ መዳፍሽ ላይ ብቻ፣ ለኔ ሰርግ፣ ረቢአ እጇን ወደ ነጠላዋ መለሰች፣ ተይኝ እኔ አልወድም፣ አለች፣ እማ ለራስሽ ሰርግም አልተቀባሽም አሉ፣ እውነት ነው፣ ረቢአ ወንድሟን አየችው፣ አየችው እንዴ፣ ወይስ ለሱ መሰለው፣ ሌባ ሁልጊዜ የሚታይ ይመስለዋል።

ለሰርጓ ያልተቀባች ሙሽራ ወሎ ውስጥ ማን አይቷል። እሱ አይቷል። ዓሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እጇ እንደ ነጭ ሽንኩርት፣ ሴቶቹ ምን ነካት ይህችን ልጅ ይላሉ፣ እሱ ውጪ ቆሞ አህያዋን ይጭናል፣ እየቀለደም ነበር፣ ምን ብሎ እንደቀለደ ግን አላህ ረድቶት ረስቶታል።

በሩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ይንቦገቦጋል፣ እሱም የሱ ሥራ ነው፣ ባነር በማሽን እናትምልህ ያሉትን ልጆች፣ የእህቴን ልጅ በማሽን አልድርም ብሎ መልሶ፣ ሦስት ሜትር አቡጀዲ ላይ በቀይ ዘይት ቀለም፣ ከላይ አማርኛ፣ ከታች ኦሮምኛ፣ አማቾቹ ከሰንበቴ ስለሚመጡ ክብር ነው ብሎ በላቲኑ ሶዳ ኬኛ ብሎ ጻፈ፣ አማቻችን ለማለት፣ ቋንቋውንማ ከናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው፣ ሲጽፉት ነው እንጂ ጉዱ፣ አምስተኛ ክፍል ድረስ የተማረው ሀ ሁ ነው፣ በሀ ሁ ዳ ጠበቀም ላላም ያው ዳ ነው፣ አንባቢው ይጨርሰዋል፣ ሰው ለሰው መተማመን አለ፣ ላቲኑ ግን ጠበቃ ነው፣ የጠበቀውን ሁለት ጊዜ ካልጻፍክለት አያምንህም፣ አንዷን ዲ አስቀራት፣ ዲ ስትጎድል ሶዳ አማች መሆኑ ቀርቶ ፍርሃት ይሆናል፣ ፍርሃታችን እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ዓብዱልመጂድ፣ የሙሽራው አባት፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ በሬ የሚነግድ፣ ራሱም በሬ የሚያህል፣ በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበውና፣ ኧረ ኑሬ፣ እኔን እንኳንስ አማቼ የገዛ በሬዬም አይፈራኝ፣ አለ፣ እሱም፣ ሃዬ ኦቦ፣ ሴት ልጅ ሊወስድ የሚመጣ ሰው አይፈራም እንዴ፣ አለ፣ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ የኑሬ ሚስት ዙቤይዳ ብቻ አልሳቀችም፣ አንድ ፊደል ለመማር ስንት ዓመት ነው የሚፈጅብህ፣ አለችው።

አንድ ፊደል ጎደለ፣ ያም ስህተት ነው፣ ሰው ይስቅበታል፣ ያልፋል።

ሁለት ቃልስ ሲጎድል። እኔ ነኝ ሲጎድል።

አሥራ ሁለት ሰው ቀረ።

እንግዲህ ጀመዓ፣ እኔና ረቢአ ልጅ ሆነን፣ እንዲህ ብሎ ይጀምር፣ ይሻላል፣ ልጅነት ያለበት ወሬ ሰውን ያለዝባል፣ እኔና ረቢአ ልጅ ሆነን ሁለታችንም እንሥላለን፣ አፈር ላይ፣ ቁልቋል ቅጠል ላይ፣ ደብተር ጀርባ ላይ፣ እኔ አሥራ አንድ እሷ ዘጠኝ፣ እሷ ከክፍሏ አንደኛ፣ እኔም ከክፍሌ አንደኛ ነኝ ከኋላ ሲቆጠር፣ ይስቃሉ፣ ይሳቁ፣ ከዚያ የአረፋ ዋዜማ ነው፣ ሼህ አቡበከር፣ ቁርአን የሚያስቀሩን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ እንደ ጨፋ ሜዳ ማሽላ ደርሶ የቀላ፣ ለበዓሉ ግድግዳቸውን ኖራ አስቀብተዋል፣ ያ ነጭ፣ ያ ንጹሕ ግድግዳ፣ የአስር ፀሐይ ሲያርፍበት ና ና ይላል፣ ግድግዳ ሰው ይጠራል እንዴ፣ ይጠራል፣ ሥዕል የማይወድ ሰው አይሰማውም እንጂ፣ እሱ እስከዛሬ ባዶ ላሜራ ሲያይ መዳፉ ይበላዋል፣ ሰዉ ሁሉ ለአስር ሶላት መስጊድ ገብቷል፣ እሱ ግን ከሰል ይዟል፣ በሌላው እጁ እናቱ ለሴቶቹ የወቀጠችውን እንሶስላ አንድ እፍኝ ሰርቋል፣ ፍየል ሣለ፣ ሆድ፣ ቀንድ፣ እግር፣ ከዚያ ጢሟን በእንሶስላው ቀባ፣ ቀይ፣ የሼሁን ጢም የመሰለ ቀይ፣ ብቻውን እንዴት እንደሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅ ከቤቱ ውስጥ ሳል ተሰማ፣ ለካ ሰው አለ፣ የሽማግሌ ሳል፣ ከሰሉን እዚያው ጥሎ ሮጠ።

እንሶስላ አይለቅም። ይህን ሴት ልጅ ሁሉ ታውቃለች፣ እሱ ወንድ ነው አላወቀም፣ በአመድ አሸው፣ በአሸዋ አሸው፣ በሎሚ፣ በቦርከና ወንዝ ጭቃ፣ መዳፉ በታጠበ ቁጥር ይብሱን ይደምቃል፣ ታዲያ ጨርቅ ጠመጠመበት፣ ምን ሆንክ፣ እሳት አቃጠለኝ፣ እናቱ ቅቤ ልትቀባው፣ አይ ተይው እማ፣ አይ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለቃጠሎ ተቃጠለ።

በነጋታው ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ ኢድ ሶላት ሲያልፍ ፍየሏን አየ።

እሱም አየ፣ ከሕዝቡ ኋላ ሆኖ፣ ወላሂ የዚያን ቀን ያየውን ዓይኑ እስካሁን ይዞታል፣ ትናንት የተዋት ፍየል እንዲህ ነበረች እንዴ፣ ቆማለች፣ እውነት ቆማለች፣ ሆዷ ዱባ ነው፣ ቀንዷ ማጭድ ነው፣ እሱ ያው የልጅ ሥራ ነው፣ የኋላ እግሯ ግን፣ አንዷ የኋላ እግሯ፣ ጉልበቷ ጋ ወደኋላ እጥፍ ብላ፣ ሰኮናዋ ጫፍ ብቻ መሬት ነክቶ፣ አሁን ልትዘል ነው፣ አሁን፣ ያችን አንድ መስመር ያየ ሰው ፍየሏ ግድግዳውን ለቃ ትሄዳለች ብሎ ይሰጋል፣ መቼ እንዲህ አድርጎ እንደጨረሳት አያስታውስም፣ ልጅነት ነው፣ እጅ ከራስ ይቀድማል፣ ፍርሃቱን ውጦት አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ በራ፣ እኔ ነኝ፣ ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እኔ አንድ ነገር አለኝ ማለት ነው፣ ሰው የተሰጠውን የሚያውቅበት ቀን አለው፣ የሱ ያ ቀን ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ዕድሜ ሁሉ በዚያች እግር ነው የቆመው።

ሼሁ አልተቆጡም፣ ይህን መናገር አለበት፣ ሼሁ ሳቁ፣ ጢማቸውን ይዘው፣ ይችስ ፍየል ሂናዋን ከኔ አሳምራ ተቀብታለች፣ ነፍስ ያለው አትሣሉ ብዬ አስተምሬ ነበር፣ ነፍሱን ጨምራችሁ ሣላችሁት፣ አሉ፣ አባባ ነው፣ የኛ አባት ነው ያፈረው፣ በዓል ነው፣ ሰው ቆሟል፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አሰልፎ እጅ ዘርጉ አለ፣ የሴቶቹ እጅ ሁሉ ቀይ ነው፣ አረፋ ነዋ፣ ረቢአ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ መዳፏ ቀይ ነው ጥፍሯ ሥር ደግሞ ከሰል አለ፣ ጎህ ሲቀድ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፣ ከሰልማ ማን ቤት የለም፣ እሳት የምታነድ ልጅ ጥፍሯ ሥር ከሰል ቢገኝ ምን ይገርማል፣ ግን ልጅቷ መሣል እንደምትወድ አገር ያውቃል፣ አንቺ ነሽ፣ አላት፣ አንቺ ነሽ ወይ፣ ረቢአ ቀና ብላ አባቷን አላየችም፣ የወንድሟን ጨርቅ ነው ያየችው፣ ቡጭቅጫቂውን፣ ቋጠሮውን፣ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ወንድሟስ። ወንድሟ እጁን ወደ ኋላው።

እኔ ነኝ ሁለት ቃል ነው። አልወጣውም።

አባባ በሕዝብ ፊት፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀለም እንዳትነኪ፣ አለ፣ ቀለም፣ አንድ ቃል ነው፣ አማርኛ ቀለም ሲል ትምህርቱንም ቀለም ይለዋል ቀለሙንም ቀለም ይለዋል፣ አባባ አንዱን ብሎ ሁለቱን ወሰደባት፣ ከአራተኛ ክፍል አስወጣት፣ መምህር ኪዳኔ ቤት ድረስ ሦስት ጊዜ መጡ፣ ክርስቲያኑ መምህራቸው፣ ልጅቷ ብርሃን አላት፣ አይሆንም፣ አባባ ዞሮ እሱን አሳየ፣ ወንዱን ይያዙ፣ ሴቲቱ ቀለም በቅቷታል፣ በቃ፣ ባቲ ተዳረች።

ስለ እርሳሱ ደግሞ ማንም አያውቅም።

አላህ ያውቃል፣ መምህር ኪዳኔ ያውቁ ነበር እሳቸውም አልፈዋል፣ በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠርተውት፣ ይህን ለእህትህ በድብቅ ስጥልኝ፣ የአንደኝነቷ ሽልማት ነው፣ ብለው ከኮታቸው ኪስ አወጡ፣ ባለ አሥራ ሁለት ከለር እርሳስ፣ ካርቶኑ ላይ ወፍ ያለበት፣ እሺ መምህር አለ፣ ቤት እስኪደርስ አሥራ ሁለቱንም አሽትቷል፣ ዛሬ እሰጣታለሁ፣ ነገ፣ ከአርብ በኋላ፣ ከዚያ አረንጓዴውን ቀረጸው፣ አንዴ ከቀረጽከው የሰው ዕቃ እንዴት አድርገህ ትመልሳለህ፣ በሷ እርሳስ ነው ቀለም መቀላቀል የተማረው፣ ቢጫውን በሰማያዊው ላይ፣ ጨፋ ከዝናብ በኋላ፣ ያን አረንጓዴ ያገኘ ቀን አልቅሷል፣ ደስ ብሎት፣ ሌባ ደስ ሲለው እንደዚያ ያለቅሳል።

ዘጠኝ ሰው።

እረፍት ይሰጣል ቀለም፣ ወላሂ ይሰጣል፣ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ሁለተኛ ልጁ የሞተች ጊዜ፣ በሦስት ዓመቷ፣ ሰው አይዞህ ይለዋል እሱ ይቀልዳል፣ ቀልዱ ከአፉ ሲወጣ ዓይኑ እንደ ድንጋይ፣ ዙቤይዳ እጁን ይዛ፣ ፊትህ ጠቁሯል፣ ሂድ አንድ ነገር ቀብተህ ና፣ አለችው፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ላሜራ አውጥቶ ሦስት ቀን ቀባ፣ ምንም አልጻፈበትም፣ ሰማያዊ ብቻ፣ በሰማያዊ ላይ ሌላ ሰማያዊ፣ የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ አፍንጫውን እየሰረሰረው፣ በሦስተኛው ቀን ብሩሹ ሄዶ ሲመለስ እንባው ወረደ፣ ተነፈሰ፣ በላ፣ ያ ክፉ ጊዜ፣ ከተማው የተዘጋ ጊዜ፣ ሱቅ ሁሉ በሩን ያወረደ ጊዜ፣ ሰው ከውጭ በሚሰማው ድምፅ እየተሸማቀቀ ሲውል እሱ የቤቱን በር ከውስጥ በኩል ይቀባ ነበር፣ የጨፋን አረንጓዴ፣ ለአንድ ማንኪያ ቢጫ ሰማያዊ በማንኪያ ጫፍ፣ ጥቁር በክብሪት እንጨት፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቁጭ ብለው ያያሉ፣ አባ እዚያ ጋ ላም ጨምር፣ እጁ ሲሠራ ልቡ አይንቀጠቀጥም፣ ይህን ዶክተር ያውቀው አያውቀው እንጃ እሱ ያውቀዋል፣ ቀለም ቀመስ የሚሉት የተማረውን ነው አይደል፣ እኔ ነኝ እንጂ ቀለም ቀማሹ፣ ብሩሹን በከንፈሬ ሳሾል ስንት ሊትር ውጫለሁ፣ ይላል ለሰው፣ ሰው ይስቃል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው፣ በልቶት ነው የኖረው።

እሷስ።

እሷ ባሏ ሲሞትባት ምን ያዘች፣ እጇ ምን ነካ፣ የመጀመሪያ ልጇ ከበረሃ ሳይመለስ ሲቀር፣ ማንስ ነበር ሂጂ ቀብተሽ ነይ ያላት፣ እሱ በሐዘኑ ቀን ሁሉ የሚገባበት ቤት ነበረው፣ ቤቱ የሷ ነበር፣ ቁልፉን ሰርቆ ውጪ አስቀርቷታል።

አንድ ቀን ባቲ ሄዶ አያት፣ ሰኞ ገበያ ነው፣ ግመሉ፣ አፋሩ፣ ጨው፣ ግርግር፣ እሷ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ቅቤ ትሸጣለች፣ ከኋላዋ መጣ፣ ሊያስደነግጣት፣ ለመቀለድ፣ በእንጨት ጫፍ አፈሩ ላይ የሆነ ነገር ትጭራለች፣ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል ዞረች፣ በእግሯ ጠረገችው፣ አንዲት መስመር ብቻ ነው ያየው፣ ወደኋላ የታጠፈች፣ ጉልበት ይሁን ቀንድ ይሁን፣ ምን ነበር ረቢ፣ አላት፣ ምንም፣ ዝንብ ነው ያባረርኩት፣ አለችው።

ስድስት።

ታፔላ ላይ የሚሥላቸው በሬዎች ታዲያ ለምንድነው ሁልጊዜ ሳር ውስጥ የሚቆሙት፣ ይሉታል፣ ሥጋ ቤቶቹ ይሉታል፣ ኑሬ የኛ በሬ እግር የለውም ወይ፣ የከሚሴ ሥጋ ቤት ሁሉ በሬው እስከ ሆዱ ሳር ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኑንም ጨፍኗል፣ ዓይኑን የጨፈንኩት ተኝቶ ነው፣ የቂያማ ቀን ነፍስ ዝራበት ብባል ተኝቷል ልላቸው ነው፣ ሳሩ ደግሞ የጨፋ ሳር ነው፣ ረጅም ነው፣ ብሎ ያስቃቸዋል፣ እውነቱን ለማን ይንገር፣ እግር እምቢ ይለዋል፣ አርባ ሁለት ዓመት፣ ስንት ሺህ ጊዜ፣ በከሰል፣ በእርሳስ፣ በብሩሽ፣ ያችን የታጠፈች የኋላ እግር መልሶ ሊሥላት፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አትመጣም፣ የሱ እግር ምሰሶ ነው፣ የወንበር እግር ነው፣ ልጅ ሆኖ የቻለውን አድጎ ሲያቅተው ቅጣት ነው ብሎ አመነ፣ አላህ እግሯን ወሰደበት፣ ልክ ነው፣ አንተ የእህትህን እጅ ወሰድክ እሱ የፍየሏን እግር ወሰደብህ፣ ሒሳቡ ተዘጋ፣ ግን ቢያንስ አንዴ ሠርቷታል፣ በክፉ ቀን ይህን ይይዛል፣ ቢያንስ አንዴ፣ ያቺ ፍየል የኔ ናት።

ኮቱ ኪስ ውስጥ ብሩሽ አለ፣ አዲስ፣ ቁጥር ስድስት፣ ከደሴ ያመጣው፣ በጋዜጣ የጠቀለለው፣ ሐሙስ ከባቲ እንደመጣች ሊሰጣት ነበር፣ ረቢ ነይማ፣ ምነው ኑሬ፣ አይ፣ ጉዞው እንዴት ነበር፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ረቢ አንድ ነገር፣ ምን፣ ስኳር አነሰ ወይ፣ ቅዳሜ ጓሮ ብቻዋን አግኝቷት ከአፉ የወጣው ቀልድ ነው፣ አፉ ከድሮም የሱ አይደለም፣ ቀልድ ጥሩ መጋረጃ ነው፣ ቆንጆ መጋረጃ ቀብቶ ከኋላው ኖረ፣ ነገ ጠዋት መኪና ይዛ ትሄዳለች፣ ሁለቱም ሃምሳ አልፈዋል፣ እንግዲህ ስንት ሰርግ ይቀራቸዋል።

ለብቻዋ መንገር አይበቃም። ሰው ፊት የተደፋች አንገት ሰው ፊት ነው የምትቀናው።

ሦስት።

ዓብዱልመጂድ ጋ ደረሰች፣ ኧረ እናታችን፣ ኧረ ነውር ነው፣ ተቀመጪ፣ ይላል ትልቁ ሰውዬ እጁን እየሸሸ፣ እጅህን አምጣ አማቼ፣ ትለዋለች፣ ፍርሃቴ አትበይኝ ብቻ፣ ይላታል፣ ትስቃለች፣ ስትስቅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያ ረቢ፣ ስትስቅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ከዚያ እሱ ጋ።

እጅህ፣ ትላለች።

ይዘረጋል፣ ሁለቱንም፣ ቀይ ዘይት ቀለም መዳፉ ላይ ደርቋል፣ ከጨርቁ የቀረ፣ ጠዋት በአኳራጅ አሽቶት አልለቀቀም፣ ውሃው ይወርዳል፣ ቀይ መዳፉ ላይ፣ እሷ መዳፉን ታያለች፣ ታያለች፣ ውሃው ሳህኑን ሞልቶ ሊፈስ ነው፣ ረቢ፣ ይላታል፣ እ፣ ትላለች፣ ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ፣ በሉ የሙሽሪት አጎት ሁለት ቃል፣ ይላሉ፣ ኑሬ ተነሳ፣ ኑሬ ሊናገር ነው፣ ገና ሲነሳ ሰዉ ከንፈሩን ለሳቅ ያዘጋጃል፣ እጁ እየተንጠባጠበ ይነሳል።

ጀመዓ፣ ስሙኝማ፣ አላስረዝምባችሁም።

ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ የሼህ አቡበከርን ግድግዳ የምታስታውሱ ሽማግሌዎች አላችሁ፣ ፍየሏን፣ ጢመ ቀዩዋን ፍየል፣ ኤ ኤ እናስታውሳለን ይላሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያች ፍየል የረቢአ ናት ተባለ፣ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፣ እጄ አልተቃጠለም ነበር፣ ጨርቁ የውሸት ነው፣ ከሥሩ እንሶስላ ነበር፣ አባባ ቀለም እንዳትነኪ ያላት በኔ ምክንያት ነው፣ ከትምህርት የወጣችው በኔ ነው፣ መምህር ኪዳኔ እርሳስ ሰጥተውኝ ነበር ለሷ፣ አሥራ ሁለት፣ በልቼዋለሁ፣ እኔ ቀለም ስበላ ኖሬ እሷ ጾሟን ነው የኖረችው፣ እናም ሰው ፊት፣ ልጇ ፊት፣ አማቾቿ ፊት፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ።

የድንኳኑ ሸራ አንዴ ይተነፍሳል።

ከዚያ ዓብዱልመጂድ ይፈነዳል፣ እርሳስ በልቼ፣ አሃሃ፣ ወላሂ ይሄ ሰውዬ፣ በሱ ሳቅ ድንኳኑ ሁሉ ይከተላል፣ ፍየል አለ እኮ፣ ኑሬ ዛሬስ ገደልከን፣ አልቀለድኩም ይላል፣ ይብሱን ይስቃሉ፣ አልቀለድኩም ጀመዓ፣ ጭብጨባ፣ ዙቤይዳ ብቻ ከሴቶቹ መሃል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች፣ ዘይና የእናቷን ፊት ታያለች፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ብሩሹን ያወጣል፣ ጋዜጣው በእጁ እርጥበት ተቀዷል፣ ይዘረጋላታል።

ረቢአ አልሳቀችም፣ ማንቆርቆሪያውን ታስቀምጣለች፣ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጣት በጣት ታደርቃለች፣ ብሩሹን ትቀበለዋለች፣ ጸጉሩን መዳፏ ላይ ጫን አድርጋ ትዘረጋዋለች፣ ገበያ ላይ የበግ ጥርስ እንደሚያይ ሰው፣ መልሳ ታሾለዋለች፣ ማን አስተማራት ይህን፣ ከዚያ ቀና ትላለች፣ የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት ጨርቁን ባየችበት ዓይን ታየዋለች፣ ሳቁ ገና አላለቀም፣ እሱ ብቻ ነው የሚሰማት።

ሦስት እግር ሥለህ ነው የሮጥከው፣ ትለዋለች፣ የኋላዋን ጠዋት ውሃ ስቀዳ እኔ ነኝ የጨመርኩላት፣ አንተ መቼ እግር መሣል ትችላለህ።